ወንድሜ እምቢ ማለት ያቃተው የበርበሬ ወራት

ኅዳር 3

በዚህ ቤት ብቻዬን የማወራበት ቦታ ስለጠፋ መጻፍ ጀመርኩ። ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል፤ ጓዳው በእማ ተይዟል፤ መጋዘን ገብቼ እንዳላወራ የበርበሬው ብናኝ አፌን ገና ስከፍት ያስነጥሰኛል።

ወንድሜ ኑዕማን ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ሁለታችንም ተኝተን የእኔ አንዱ ኩላሊት ወደ እሱ ከተሻገረ ወዲህ ፊቱ ቀላ፣ እግሩ ማበጡን ተወ፣ ሽንቱም እንደ ሰው ሽንት ሆነ። እማ ይህን ለጠያቂ ሁሉ ትናገራለች። በሽንት የሚኮራ ቤተሰብ ቡሬ ውስጥ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔም ደህና ነኝ። በአንድ ኩላሊት እንደ ድሮዬ እበላለሁ፣ እንደ ድሮዬ እናደዳለሁ።

የሚያበሳጨኝ ነገር አንድ ነው። ኑዕማን አመሰግናለሁ ማለት አበዛ። ውኃ ሳቀብለው አመሰግናለሁ፤ በር ስከፍትለት አመሰግናለሁ። ዛሬ አዲሱ ነጭ ጀለቢያው ላይ ሻይ ደፋሁበት። "ምንም አይደል እህቴ" አለኝ። እህቴ! ድሮ ቢሆን ሽንዲ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ይጮህብኝ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሱቁን አብረን ስንይዝ ሳንጣላ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን እንደ ባዕድ ያከብረኛል። ወላሂ ጨነቀኝ።

ኅዳር 7

ከፍኖተ ሰላም አንድ ነርስ መጣ። ኢርፋን ይባላል። ኑዕማንን አዲስ አበባ የምትከታተለው ዶክተር ሰብለ ጥናት ጀምራለች አለን። ኩላሊት የተቀየረላቸው ሰዎች ሆስፒታሉ አጠገብ እስካሉ ደህና ሆነው፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንዳንዶቹ ለምን ኩላሊቱን እንደሚያጡት ማወቅ ትፈልጋለች። እሱ በእኛ በኩል ያሉትን፣ የጅጋዋንም የሊበኑንም፣ እየዞረ ደም ይቀዳል፤ ምን እንደሚበሉና መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ይጠይቃል።

ሰውየው በመጋዘኑ በኩል ገብቶ ማስነጠስ ሲጀምር ስሙን እንኳ ጨርሶ መናገር አቃተው። "ኢር... ኢር..." ይላል። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ጫማው ደግሞ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። በቡሬ አቧራ ጫማውን እንዲህ ወልውሎ የሚመጣ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ሚስት ፈላጊ ነው። የትኛው እንደሆነ አያገባኝም።

የኑዕማንን ኩላሊት የጨረሰበት ስኳር በሽታው ነው። "ይኸኛውንም እንዳይበላብኝ" ብሎ ሲጠይቀው ኢርፋን ብዙ አወራን። ውጭ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኩላሊትና ቆሽት አንድ ላይ የሚቀይሩ አሉ አለ። እማ ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች።

"ቆሽት የሚቀየር ከሆነማ መጀመሪያ የእኔን ቀይሩልኝ። እነዚህ ሁለቱ አሳርረውታል።"

ኢርፋን ሳቀ፤ ከዚያ አስነጠሰ። ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል። ለማለት ያህል ነው።

ኅዳር 12

የገበያ ቀን። እግሬ ቀጥ ብሏል።

አያ ይርሳው በርበሬውን በአህያ ጭኖ ከጅጋ ወዲያ ካለው አገሩ መጣ። ስሙ ይርሳው ነው፤ እሱ ግን ምንም አይረሳም። ሚስቱ ታንጉት ምጥ ጠንቶባት ሊያጣት በደረሰ ጊዜ፣ ኑዕማን የእህል መኪና ለምኖ በዚያ ጭቃ ገብቶ ሆስፒታል አድርሷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ እጁን ደጃችንን አልረገጠም። ኑዕማን ታሞ ሳለ በየገበያው መጥቶ ያለቅስ ነበር። አሁን ትርንጎ ያመጣል። እንደ ሰው ራስ የሚያህል ትርንጎ፣ በጆንያ።

"ከወንዝ ዳሯ ዛፌ ነው። ለበሽተኛ እንደሷ ያለ የለም። ደም ያጠራል" አለኝ።

"አያ ይርሳው፣ ይኸ ሁሉ ለአንድ ሰው?"

"አንችም ብይ እንጂ! አንችስ የሁለት ሰው ሥራ አይደል የሠራሽው?"

እኔ ኮምጣጣ ነገር አይሆንልኝም። ኑዕማን ግን ስኳር አይነካ፣ ማር አይነካ፤ ሙዝና ብርቱካንም እንዳታበዛ ተብሏል። ትርንጎ አትንካ ያለው የለም። ስለዚህ ከነልጣጩ ፈጭቼ፣ በውኃ በጥብጬ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ እሰጠዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ግጥም ያደርገዋል። "እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። ለአንድ ሰው እንኳ የሚሆን ነገር መሥራት ደስ ይላል።

ኅዳር 18

የደም ውጤት መጣ። ጥሩ አይደለም። የኩላሊቱ ቁጥር ወጥቷል፤ ቁጥሩ ሲወጣ ኩላሊቱ ደከመ ማለት ነው። ኢርፋን በስልክ "ትንሽ ነው የወጣው" አለ። ትንሽ ከሆነ ድምፁ ለምን እንደዚያ ሆነ?

ደንበኛ እየጠራኝ ነው።

ኅዳር 20

ዶክተር ሰብለ ራሷ ደወለች። ሰውነቱ ኩላሊቱን መግፋት ጀምሮ እንዳይሆን ትፈራለች። ከገፋው ገፋው ነው፤ ሌላ የሚሰጠው ሰው የለንም፤ እማ ደም ግፊት አለባት፣ እኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ ነው። አዲስ አበባ ውሰዱት አለች፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። ሲከፈት እንመጣለን አልኳት። እስከዚያ ኢርፋን ደሙን በሰው በሰው ይልካል።

ዛሬ ኑዕማን ሻዩን ሲያነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ተንቀጫቀጨ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብሎ አየኝና እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ያላየሁ መስዬ ስለ በርበሬ አወራሁ።

ሳሎን ውስጥ አንዲት ጎረቤታችን ለሌላዋ በሹክሹክታ ስታወራ ሰማኋት። "የሴት ኩላሊት ለወንድ አይበረታም አሉ።" ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ ብርጭቆው ከእጄ ወጣ። የሴትየዋ ነገር አይደለም ያበገነኝ። እኔም ከሷ በፊት ያሰብኩት ነገር ስለሆነ ነው። ኩላሊቴ እንደ እኔ ነገረኛ ቢሆንስ? በሰው ቤት ገብቶ አልስማማም ብሎስ ቢሆን? ምን ነበር ትንሽ ለስለስ ያልኩ ሰው ብሆን ኖሮ!

ይሁን፤ ማልቀስ ሥራ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ትርንጎውን ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታም እሰጠዋለሁ።

ኅዳር 26

ኢርፋንን አባረርኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የተላከው ምርመራ መጣ። ኩላሊቱን ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚወስደው፣ ያ በጠዋትና በማታ የሚዋጠው መድኃኒት፣ አንሶ ነው ብለን ስንጠብቅ በዝቶ ተገኘ፤ ከሚገባው እጅግ በላይ። ኢርፋን ጉሮሮውን ጠራረገና "ምናልባት እየተደገመ እንዳይሆን... መድኃኒቱን የሚሰጠው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ሰው ሲጨነቅ አንዳንዴ..."

"አንዳንዴ ምን? ኩላሊቴን አውጥቼ የሰጠሁት መልሼ ልገድለው ነው?"

"ዓፊፋ፣ እንደሱ አላልኩም።"

"እንግዲያው ምን አልክ? ተነሳ! ጫማህን እየወለወልክ የሰው ቤት እየዞርክ ሰው መወንጀል ነው ጥናት ማለት?"

እማ "አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ነው!" ብላ ጮኸች። ኑዕማን ደግሞ "እህቴ ልክ ናት" አለ። ልክ አልነበርኩም። ድምፄ ግድግዳ ያናውጥ ነበር፤ እሱም ያውቃል። ድሮ ቢሆን "አንቺ እብድ፣ ሰውየውን ተይው" ብሎ አፌን ያስይዘኝ ነበር። አሁን ብሳሳትም ልክ ነኝ። ኢርፋን ሳያስነጥስ ወጣ።

ታኅሣሥ 1

መድኃኒቱን በዶክተሯ ትእዛዝ ቀነሱለት። የኩላሊቱ ቁጥር አሁንም ወደላይ ነው። መንገድ የለም። በርበሬው ያለ ልክ ይገባል፤ መዝኚ፣ ተቀበይ፣ አስጪ። ኑዕማን ምግብ ያስጠላዋል። ትርንጎውን ብቻ ነው ሳያንገራግር የሚጠጣልኝ።

ያ አላህ።

ታኅሣሥ 4

ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ኢርፋን ተመልሶ መጣ። ሳይጠራ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ። "ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ደም ለመቅዳት አይደለም" አለ። እማ በዓይኗ ጓዳውን አሳየችኝ። እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥም። የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ ለኑዕማን ከፈጨሁት ትርንጎ ቀድቼ አንድ ብርጭቆ ፊቱ አስቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እንዲኮመጥጠውም ፈልጌ ነበር።

አንዴ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ትርንጎ ነው። መርዝ አይደለም፤ ጠጣው።"

"ማነው ይህን የሚጠጣው?"

"ኑዕማን ነዋ። ጠዋትም ማታም።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"አያ ይርሳው ማምጣት ከጀመረ ወዲህ። ምነው?"

መልስ ሳይሰጠኝ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ዶክተር ሰብለ ነገሩን ሰምታ "ከሆስፒታል ስትወጡ ግሬፕ ፍሩት አትንኩ አልተባላችሁም?" አለች።

ተብለናል እንጂ! ያን ቀን ከኑዕማን ጋር እንዴት እንደሳቅን! ግሬፕ ፍሩት የሚባለውን ቡሬ ውስጥ ማን አይቶት ያውቃል? "የሌለንን ነገር ከለከሉን፤ መታዘዝ እንዲህ ይቅለል" ብለን ነበር።

"ትርንጎ የዚያ ፍሬ ዘመድ ነው" አለች ዶክተር ሰብለ። "መድኃኒቱ ከደም ቶሎ እንዳይወጣ ይዞት ይሆናል። መድኃኒቱ ሲጠራቀም ደግሞ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ እጅም ያንቀጠቅጣል። እርግጠኛ አይደለሁም። አሁኑኑ አቁሙትና ደሙ ይንገረን። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ከሌላ አገር የተጻፈውን አንብበን ከለከልናችሁ እንጂ ጓሯችሁ ምን እንዳለ አልጠየቅንም።"

እኔ ግን ሌላውን አልሰማሁም። በእጄ፣ በገዛ እጄ፣ እያጣራሁ፣ እያማሰልኩ! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ኑዕማን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና "ከመጀመሪያውም ጠልቼው ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ትርንጎውን። አንጀቴን ነው የሚበላኝ። ጠዋት ስትመጪ ገና ኮቴሽን ስሰማ ጥርሴ ይጠዘጥዘኛል።"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"ኩላሊቷን የሰጠችኝን ልጅ ጭማቂሽ ያስጠላል ልበላት? በምን አፌ?"

ደረቱን በቡጢ መታሁት። ቁስሉ ካለበት ራቅ አድርጌ ነው። "የሰጠሁህ እንድትኖርበት ነው እንጂ እንድትፈራኝ ነው?" እያልኩ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። እማ የሁለታችንንም ራስ ይዛ አለቀሰች። ኢርፋን መስኮቱ ጋ ዞሮ ቆመ፤ እሱ ያስነጠሰ መስሎ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ግን በርበሬ የለም።

ታኅሣሥ 8

ለአያ ይርሳው መንገር ነበረብን። ማን ይንገረው? እማ "የሰው ልብ ነው፣ በዘዴ" አለች። እኔ በዘዴ አልችልበትም። ኑዕማን እኔ እነግረዋለሁ አለ፤ ግን ሰውየው ጆንያውን ተሸክሞ ሲገባ ስለ ዝናቡ ጠየቀው፤ ስለ አህያው ጠየቀው፤ ስለ ነቢያት ጾም ጠየቀው። አያ ይርሳው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ "አንተ ልጅ፣ የምትለውን በል፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ለእባብ ነው" አለው።

ተነገረው።

ጆንያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ የተናገረው ቃል እንዲህ ነበር፦ "ዛሬ ማታ ዛፏን እቆርጣታለሁ።"

"ኧረ አያ ይርሳው፣ ዛፏ ምን አጠፋች? እኛስ መቼ አወቅን?" አልኩ።

"እንግዲያው እኔ ወደዚህ ቤት በምን ልምጣ? ባዶ እጄንማ አልመጣም።"

ይኸኔ ኑዕማን ድምፁን ከፍ አደረገ። ከስንት ጊዜ በኋላ! "ባዶ እጅህን ካልሆነ አትምጣ! ሚስትህን ሆስፒታል ያደረስኩት ጆንያ ልታሸክምልኝ መሰለህ? ስንት ዓመት ትከፍላለህ?" አለው። አንቱ የሚለውን ሰው አንተ ብሎ ተቆጣው! አያ ይርሳው በመገረም አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ሳቅ ጀመረ። "አሃ፣ ልጁ ሊድን ነው መሰል" አለ።

መጋዘን የቀረውን ትርንጎ እማ ለጎረቤት አደለችው።

ታኅሣሥ 11

ኢርፋን ደም ቀድቶ ሄደ። ሦስታችንም ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ኑዕማን ሻዩን ሲያነሳ የብርጭቆውን ድምፅ አዳምጣለሁ። አልተንቀጫቀጨም። ወይም ጆሮዬ ነው የፈለገውን የሚሰማው።

ታኅሣሥ 14

ወረደ! ወረደ! ወረደ!

መድኃኒቱም ወደ ልኩ ተመለሰ፤ የኩላሊቱም ቁጥር ወረደ። ዶክተር ሰብለ "ኩላሊቱ አልተገፋም፤ ደህና ነው፤ ጠንካራ ኩላሊት ነው" አለች። ጠንካራ! የሴት ኩላሊት ለወንድ አይበረታም ያለችው ጎረቤታችን ትስማ ብዬ በር ከፍቼ ደጋግሜ ጮህኩት። እማ እልል ስትል ጫኝና አውራጆቹ ሠርግ መስሏቸው ገቡ፤ ማነው የሚያገባው ብለው ጠየቁ። ኢርፋን ወደ እኔ አየ። ለምን እኔን እንዳየኝ እንጃ። ሙቀት ነበር መሰለኝ ፊቴ ነደደ።

የሊበኑም ታማሚ ትርንጎ እንደሚበላ ኢርፋን አረጋግጧል። ዶክተር ሰብለ ከዚህ በኋላ በጥናቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "ግሬፕ ፍሩት ትበላለህ?" ሳይሆን "በጓሮህ የሚበቅለው ኮምጣጣ ነገር ምንድን ነው? ጠያቂ ምን ይዞ ይመጣል?" ተብሎ እንዲጠየቅ ወስናለች። አንዷ ፍሬ ብቻዋን መልስ እንዳልሆነች፣ ገና ብዙ መመርመር እንዳለበትም ነግራናለች። ይመርመር። እኔ ለዛሬ ይበቃኛል።

ታኅሣሥ 20

ከኢርፋን ጋር ጅጋ ሄጄ መጣሁ። ዶክተር ሰብለ ናት የጠየቀችኝ። ሴቶቹ ለነርስ የማይናገሩትን ለእኔ ይናገራሉ ብላ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

የጅጋዋ ታማሚ እትዬ እህተ ማርያም ይባላሉ፤ ኩላሊቱን የሰጣቸው ልጃቸው ነው። ኢርፋን ሲጠይቃቸው "ከታዘዘው ውጭ ምንም በአፌ አልዞረ" ብለው ማሉ። እሱን ውኃ ቅዳልን ብዬ ሰደድኩትና የራሴን ነገር ነገርኳቸው፤ ጠባሳዬንም አሳየኋቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

"ልጄ፣ ጠያቂ የሚያመጣውን ሁሉ እበላለሁ። ሰው ከስንት አገር በእግሩ መጥቶ፣ አይ አልበላም ይባላል? ባልበላለት ቂም ይዞ አይሄድም?"

"ያ የመጣው ሰው የሚፈልገው እንዲበሉለት ነው ወይስ እንዲኖሩለት?"

አሰቡበት። "ሁለቱንም" አሉ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ የሚመጣውን ሁሉ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ለልጅ ልጆቻቸው ሊሰጡ ተስማማን። ይህን ለኢርፋን ስነግረው ዓይኑ አበራ፤ ለዶክተር ሰብለ ያኔውኑ ደወለላት።

ሚኒባሱ ጠባብ ነበር። ስለ ጥናቱ ብቻ ነው ያወራነው። ስለ ጥናቱና ስለ እናቱ። ስለ እናቱ ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። በርበሬ እንደምትወድ ነገረኝ።

ታኅሣሥ 27

የገና ገበያ ነው፤ ከተማው በሰውና በበግ ተጨናንቋል። ዶክተር ሰብለ ኑዕማን ከመጋዘኑ ርቆ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ሱቁ ፊት ለፊት ቢቀመጥ ምንም አይደለም ብላ ፈቀደች። ወንበር አወጣሁለት። ሰው ሁሉ እየመጣ ሰላም ይለዋል። እኔ ከውስጥ እመዝናለሁ፤ ልቤ እንደ ሕፃን ትዘላለች።

ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።

"ማነው ይህን ዛላ ያሰጣው? እርጥቡን ከደረቁ ማነው የቀላቀለው?"

ወጣሁ። ኑዕማን ጆንያ አስከፍቶ በሩቁ እየጠቆመ ነው፤ ዓይኑ ፈጧል።

"እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"አንቺ ካልሆንሽ ጅብ ነው? ሻግቶ ደንበኛችንን ሊያባርር ነው! ስድስት ወር ብተኛ ሱቁን እንዲህ ታደርጊው?"

"ስድስት ወር ብቻዬን የተሸከምኩት ማን ሆነና! አንተ ጋቢ ለብሰህ ጠያቂ ስትቀበል!"

"ኩላሊት ሰጠሁ ብለሽ በርበሬ ታበላሺ ዘንድ ማን ፈቀደልሽ?"

ገበያው ሁሉ ዞሮ አየን። ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አያ ይርሳው፣ ለበዓሉ ገበያ የመጣው፣ መሀላችን ገብቶ "ኧረ በገና ሰሞን! ኧረ ነውር ነው፣ ይቅር ተባባሉ!" ይላል። ኢርፋን ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እኔ እንደሚመስለኝ ዓፊፋ ልክ ናት" አለ። ሁለታችንም እኩል ዞረን "አንተ ዝም በል!" አልነው። ዝም አለ፤ ደስ ያለው ይመስላል።

እማ ከበሩ ላይ እንባዋ እየወረደ እጇን ታወናጭፋለች። "ማንም እንዳይገላግላቸው! አያ ይርሳው፣ ይልቀቋቸው! ይጣሉ፣ ልጆቼ ይጣሉ!"

እስኪደክመን ተጣላን። ሥጋችንን ሁሉ ደስ እያለው ተጣላን። ድምፄ ጠፍቷል፤ የእሱ ግን አሁንም ከሳሎን ይሰማኛል፤ ለጠያቂው ሁሉ በርበሬ ማሰጣት እንደማልችል እየተናገረ ነው።

ውሸቱን ነው። እርጥቡን ከደረቁ የቀላቀልኩት እኔ አይደለሁም። ነገ ጠዋት አሳየዋለሁ።